ቀይ ሠላሳ አንድ

ሮዛሪዮ፣ አርጀንቲና
ማርች 12 ቀን 1985

ለተከበሩ ሲኞራ ኤርሲሊያ ኩዌይሮሎ
ጄኖቫ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በሙሉ ጤና ያግኝዎ። ሳላንኳኳ ዘው ብዬ ስለገባሁብዎ ይቅር ይበሉኝ፤ የቸገረው ሰው ደጅ አይመርጥም።

ስሜ ኤቫሪስቶ ኩዌይሮሎ ነው። ከባቡር መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣሁ የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ነኝ። ሮዛሪዮ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ በመሆኔ ጄኖቫን የማውቃት በአባቴ አፍ ብቻ ነው። አባቴም ቢሆን የሚያውቃት በአራት ዓመት ሕፃን ዓይን ነው። አያቴ አጎስቲኖ በ1904 አባቴን አዝሎ ከመርከብ ወረደ። «እናትህ ጄኖቫ ሞታለች» አለው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መቃብር ገባ። ስሟን እንኳ አልነገረውም።

እትዬ ኤርሲሊያ፣ አባቴ ባርቶሎ ዘንድሮ ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው፤ የእናቱን ስም ግን አያውቅም። በኖቬምበር ሁለት፣ በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ ሁሉም የሟቾቹን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለቄሱ ይሰጣል፤ ቄሱም ቆመው አንድ በአንድ ይጠራሉ። አባባ «እናቴ» ብቻ ብሎ ይጽፋል። ቄሱ «የባርቶሎ እናት» ብለው ያልፋሉ፤ እሱም አንገቱን ይደፋል። ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ኖሬያለሁ፤ ዘንድሮ ግን አላይም። ስሟን አመጣለሁ ብዬ ምያለሁ፣ አመጣለሁም።

በእጃችን ያለው የጄኖቫ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ግልባጩን ልኬልዎታለሁ። አያቴ፣ አንዲት ሴት፣ እቅፏ ውስጥ ደግሞ አባባ። ከበሩ በላይ 31 የሚል ሰሌዳ ይታያል። ከጀርባው «የሮንዲኔ ቅያስ፣ ጄኖቫ፣ 1903» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለንም።

እርስዎን እንዴት እንዳገኘሁ ልንገርዎ። እዚህ የጣሊያኖች ክበብ ውስጥ የጄኖቫ የስልክ ማውጫ አለ። ኩዌይሮሎ የሚባል ሰው እንደ አሸዋ ነው። እኔ የከተማውን ካርታ ዘረጋሁና ለሮንዲኔ ቅያስ ከሁሉ የሚቀርበው የማን ቤት ነው ብዬ ፈለግኩ፤ የእርስዎ ሆኖ ተገኘ። እባክዎ ብቅ ብለው በዚያ በር ማን ይኖር እንደነበር ይጠይቁልኝ። ስሟን ብቻ ነው የምፈልገው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
ኤቫሪስቶ


ጄኖቫ
ኤፕሪል 11 ቀን 1985

ይድረስ ለኤቫሪስቶ ኩዌይሮሎ

የትንሣኤው ደስታ ከነመላ ቤተሰብህ ይድረስህ፤ ለአባትህም ጉልበቱን ያበርታለት፤ የኔውንማ ደረጃው በልቶታል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ «አንተ» ልልህ ነው። ቅር ካለህም በመካከላችን ውቅያኖስ ስላለ ስታጉረመርም አልሰማህም።

በመጀመሪያ ደስ የሚልህን ልንገርህ። ሰው አልተሳሳትክም። አጎስቲኖ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው። ስለ እሱ ቤታችን ሲወራ ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን «አጎስቲኖ ሚስቱንና ልጁን ይዞ አሜሪካ ገባ፣ ሚስቱም እዚያው ሞተች» ሲባል ነው፤ ለኛ ቤት ሰዎች ባሕር ማዶ ሁሉ አሜሪካ ነው። አንተ ደግሞ እዚህ ሞተች ትለኛለህ። አንዲት ሴት ሁለት ቦታ አትሞትም፤ ከሁለት አንዳችን ውሸት ወርሰናል። ስሟንማ እኛም ቤት የጠራ ሰው አልነበረም።

አሁን ደስ የማይልህን ስማ። ፎቶህን ይዤ ሮንዲኔ ቅያስ ሄድኩ፤ ከቤቴ ጀርባ ነው። ሠላሳ አንድ ቁጥር የቤተ ክርስቲያን የሚያክል በር ያለው የሀብታም ቤት ነው። ዛሬ ጠበቆች ሞልተውበታል፤ ድሮ የባለመርከቦች ነበር። በረኛው አባቱም አያቱም እዚያው በረኞች ነበሩ። «ኩዌይሮሎ? እዚህ?» ብሎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «እዚህ የገባ ኩዌይሮሎ ካለ ከሰል ተሸክሞ ነው!» አለኝ። አፉን ዘግቼለት ወጣሁ፤ ግን እውነቱን ነው።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይኸው። ድሃ ፎቶ ሲነሳ የሰው በር ይመርጣል። አጎስቲኖም የክት ልብሱን ለብሶ ከሀብታም በር ሥር ተገትሮ ተነሣ። ቁጥሩ ያንተ ቁጥር አይደለም። በደንብ አይቼዋለሁ፣ አትከራከረኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።
ኤርሲሊያ


ሮዛሪዮ
ሜይ 5 ቀን 1985

ለውድ እትዬ ኤርሲሊያ

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ይማርልኝ። «አንተ» ስላሉኝ ደስ ብሎኛል፤ እዚህ «አንተ» የሚሉኝ ሰዎች እያለቁ ነው።

አትከራከረኝ ብለዋል፤ ልከራከርዎ ነው። ደብዳቤዎን ለአባባ አነበብኩለት። የበረኛው ነገር ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ ፍርድዎ ላይ ሲደርስ ግን ተቆጣ። «እኔ የማውቀው በር አይደለም፣ ግድግዳ ነው!» አለ። «ጻፍላት፤ የተኛሁበት ግድግዳ ይሞቅ ነበር። ክረምት ከበጋ ይሞቅ ነበር። ጀርባዬን ለጥፌበት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ የሀብታም ቤት ግድግዳ እንደዚያ አይሞቅም በላት።»

በልጅነቴ ይህንን ሲያወራ የሕፃን ቅዠት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ፎቶውን በማጉያ መነጽር ደጋግሜ አየሁት። ሴትየዋ ክርኗን ከበሩ ጎን ነጭ ድንጋይ ላይ አሳርፋለች፤ እብነ በረድ ይመስላል። ክንዷ ላይ ደግሞ ጥቁር ጥቁር ሰረዝ አለ፣ ጠባሳ ይሁን ጥላ አልለየልኝም። የክት ልብስም አልለበሰችም፤ ሽርጥ ነው ያሸረጠችው። የሰው በር ሥር ፎቶ ልትነሣ የመጣች ሴት ሽርጥ ታሸርጣለች?

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለኔ ሲሉ፣ ተመልሰው ይዩልኝ።

አክባሪዎ ኤቫሪስቶ


ጄኖቫ
ጁን 6 ቀን 1985

ይድረስ ለኤቫሪስቶ

አምላክ ለአባትህ ዕድሜ ይጨምርለት፤ ማስተዋሉን ለኔም ያካፍለኝ። ተሸንፌያለሁ። ጄኖቫዊት ሆኜ ተሸነፍኩ፤ ለማንም እንዳትናገር።

ደብዳቤህን አንብቤ በንዴት ምሳዬን ልገዛ ወጣሁ፤ ጨጓራ ማለቴ ነው። ጨጓራ ሻጩ ጀሮላሞ የድሮ ጎረቤቴ ነው። ፎቶህን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና እሱ ሲቆራርጥ እኔ ክርኔን ከበሩ ጎን እብነ በረዱ ላይ አሳርፌ አንተን አማሁለት። ድንገት ፎቶውን አየሁ፤ ክርኔንም አየሁ። በከተማችን ከበሩ ጎን እንዲህ ያለ የእብነ በረድ መሸጫ ያለው ሱቅ ብቻ ነው።

«ጀሮላሞ!» ብዬ ጮህኩ፤ ቢላዋውን ጣለው። «ይሄ ሱቅ ነው!»

«ምኑ?»

«ቁጥሩ ቀይ ነው!»

«ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ፎቶው እኮ ጥቁርና ነጭ ነው።»

«እሱ ነዋ የጠፋብኝ!»

አንተ የሮዛሪዮ ሰው ስለሆንክ ላስረዳህ። እኛ ከተማ አንድ መንገድ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። የመኖሪያ ቤት በር በጥቁር ይቆጠራል፣ ሱቅ ደግሞ በቀይ፤ ሁለቱ ለየብቻቸው ነው የሚሄዱት። ጥቁር ሠላሳ አንድ ከላይ የጠበቆቹ በር ነው። ቀይ ሠላሳ አንድ እታች፣ ደረጃው ሥር ነው። ይህንን የሦስት ዓመት ልጅ ያውቃል። ግን ሰው በሱቅ ቁጥር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሱቅ ጀርባ የሚያድር ድሃ ብቻ ነው እንዲህ ያለ አድራሻ ያለው። እኔ በፎቶው ላይ ጥቁር ቁጥር አየሁና ሽቅብ ወደ ሀብታም በር ሮጥኩ፤ የናንተ በር ቁልቁል ነበር።

ጨጓራዬን ጥዬ ወረድኩ። ቀይ ሠላሳ አንድ ዛሬ ጢማም ሰውዬ ጃንጥላ ይጠግንበታል። ከጀርባው ግን የዳቦ ምድጃ የመሰለ፣ በጡብ የተደፈነ ትልቅ ምድጃ አለ። ምድጃውን ተደግፋ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እጄን ግድግዳዋ ላይ አደረግኩ። አባትህ እውነቱን ነው፤ ይህ ግድግዳ ይሞቅ ነበር።

ያንን ቤት አውቀዋለሁ! ልጅ ሆነን የሽምብራ ቂጣ የምንገዛው ከዚያ ነው፤ እናንተ ፋይና የምትሉትን። ጋጋሪዋ ኦርሶላ ትባል ነበር፤ ክንዶቿ በምድጃው አፍ ተጠባብሰው ያለቁ። ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ ቤቱን የምንጠራው በሷ ነው። «ጃንጥላዬን ኦርሶላ ጋ ሰጠሁት» እንላለን፤ ጢማሙም ለምዶታል።

እንግዲህ ኦርሶላ ለአያቶችህ ጓዳዋን አከራይታ ይሆናል፣ ወይ ዘመዳቸው ትሆናለች። አክስቴ በነዴታ ታውቃለች። ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው፣ መነኮሳቱ ዘንድ ትጦራለች፣ ጭንቅላቷ ግን ከኔ ይሻላል። እሁድ እሄዳለሁ፣ ሰኞ እጽፍልሃለሁ። የኔ ሰኞ ሰኞ ነው።

በርታ።
ኤርሲሊያ


ሮዛሪዮ
ኦገስት 20 ቀን 1985

ለውድ እትዬ ኤርሲሊያ

ጤናዎ እንዴት ነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው፤ ሰኞ ብለውኝ ነበር፣ ስንቱ ሰኞ አለፈ።

መጀመሪያ ፖስታ ቤቱን ሰደብኩ። ቀጥሎ ታመዋል ብዬ ፈራሁ። አሁን ግን ሌላ ነገር ጠርጥሬያለሁ፤ እርስዎ ደፋር ሰው ነዎት፣ ደፋር ሰው ዝም የሚለው ያገኘው ነገር ሲከብደው ነው።

አባባ በዚህ ክረምት አልጋ ይዟል። ልቡ ደክሟል ብሏል ሐኪሙ። አልጋውን መስኮት ሥር አድርጉልኝ ብሎ ፖስተኛውን ሲጠብቅ ይውላል። «የጄኖቫዋ ሴትዮ ምን አለች?» ይለኛል፤ «ትጽፋለች» እለዋለሁ። የቀይ ሠላሳ አንዱን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳስነበበኝ አልነግርዎትም። እጅዎን ግድግዳው ላይ ያደረጉበት ጋ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል።

ያገኙት ነገር ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ። እኛ የምንፈራው አለማወቅን ነው፣ እሱን ደግሞ ሰማንያ አምስት ዓመት ችለነዋል።

ኤቫሪስቶ


ጄኖቫ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 1985

ይድረስ ለኤቫሪስቶ፣ ለብቻው

ለአባትህ ምሕረቱን ይላክለት። ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም። ምላሴ አጥሮብኝ አያውቅም ነበር፤ ዘንድሮ አጠረ። ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። ትንሹ ወረቀት ላይ ስም ብቻ ነው የተጻፈው፤ እሱ ለአባትህ ነው። ይህ ግን ለአንተ ነው። አንብበህ ቅደደው፣ ወይም አንብብለት፤ እኔ መወሰን አቅቶኛል።

በዚያ እሁድ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። «አክስቴ፣ ቀይ ሠላሳ አንድ የነበረችው ኦርሶላ ማን ነበረች?» አልኳት።

«የሽምብራ ቂጣዋ?»

«አዎ።»

«የአጎስቲኖ ሚስት ነቻ! ማን ልትሆን ነው?»

«እንዴት እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?» ስላት «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ትልልቆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ለልጅ የሚነገር ስላልሆነ እኛ ሳንሰማው አደግን።

አጎስቲኖና ኦርሶላ ምድጃው ላይ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፣ ጓዳው ውስጥ ያድሩ ነበር። የመርከቡ ቀን ሦስቱም ጓዛቸውን ይዘው ወደብ ወረዱ። የወደቡ ሐኪም የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየና ትራኮማ አለባት፣ አትሳፈርም አለ። አጎስቲኖ ልመለስ አለ። «ትኬቱ ይቃጠላል፣ ሂድ፤ ታክሜ እከተላችኋለሁ» ያለችው እሷ ናት። ልጁንም በገዛ እጇ አቀበለችው። ተመልሳ ምድጃዋ ጋ ቆመች። ዓይኗ ግን ዳነ፤ ሁለት ዓመት እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ የአጎስቲኖ ደብዳቤ ለአባቴ መጣ፤ እሷ ማንበብ አትችልም ነበርና። ሌላ ሚስት አግብቻለሁ፣ ለልጁም እናትህ ሞታለች ብዬዋለሁ፣ ሞታ ትቅር ይላል። አባቴ ምድጃው ፊት ቆሞ አነበበላት። «ምን አለች?» አልኳት አክስቴን። «ምን ትበል? ቂጣው እንዳያርር አወጣችው» አለችኝ። የኛዎቹ ደግሞ የኩዌይሮሎ ስም እንዳይጎድፍ ብለው «አሜሪካ ሞተች» ብለው አወሩ። በቁሟ እያለች! ከደጃችን አጠገብ እያለች! አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ አሁን ከመቃብር አውጥቼ ብገሥጸው ደስ ባለኝ ነበር።

አባቴ እዚያ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። ሁልጊዜ እኔን ይልከኛል። ኦርሶላ ቂጣውን እየቆረጠች «አባትሽ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ ደረሰው?» ትለኛለች። «አልደረሰውም» እላታለሁ። «እሺ፣ ትኩሱን ያዢ» ትለኛለች። በሄድኩ ቁጥር እንዲህ ትለኝ ነበር፤ የአሮጊት ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። ያንተ የመጀመሪያ ደብዳቤ በማርች የመጣ ቀን ደረጃውን እያማረርኩ ነው የወጣሁት። ምን እንደያዝኩ ባውቅ ኖሮ! አለቀስኩ ኤቫሪስቶ፤ የማለቅስ ሴት አይደለሁም።

በ1937 ክረምት በሳንባ ምች ሞተች። አባትህ ያኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ለሰማንያ አምስት ዓመት ሽማግሌ፣ ልቡ ለደከመ፣ ይህ እንዴት ይነገራል? ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። መቃብሯንም ጠየቅኩ፤ የድሃ መቃብር ዘመኑ ሲያልቅ አፅሙ ወደ ጋራ ጉድጓድ ይገባል፣ እሷም ገብታለች። የቀረው ያ በር ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ምክሩን ይስጥህ።
ኤርሲሊያ


ሮዛሪዮ
ኖቬምበር 4 ቀን 1985

ለውድ እትዬ ኤርሲሊያ

ሰላም ለእርስዎ፤ ሰላም ለአክስትዎ ለእማማ በነዴታም። የያዙት ሸክም እንዴት እንደከበደዎ ገብቶኛል፤ እኔ አንድ ሌሊት ይዤው አልቻልኩትም።

በማግሥቱ ትንሹን ወረቀት ብቻ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገና «ኦርሶላ ቦዛኖ» ብሎ አነበበ። መልሶ አነበበ። ትልቁ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ቀሪውን አምጣ» አለኝ።

«የምን ቀሪ?»

«ኤቫሪስቶ፣ ሁለት ቃል ለመጻፍ ይሄን ሁሉ ጊዜ አይፈጅም። አምጣ።»

አነበብኩለት። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ሐኪሙን፣ ምድጃውን፣ አያቴ የጻፈውን፣ ሁሉንም። «ደብዳቤ ደረሰው?» የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ይዞ አስቆመኝ። «ትጠይቅ ነበር ማለት ነው» አለ። «አዎ አባባ።» «ልጇን ትጠይቅ ነበር።» ከዚያ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ አፍረን ደግሞ ሁለታችንም ጉንፋን ነው ተባባልን።

አያቴን ተቆጣው። እዚህ ሮዛሪዮ የተነሣውን የአያቴን ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ጥቂት ቀን እንዲያ ከዋለ በኋላ ራሱ ተነሥቶ መለሰው። «ውሸታም ነው፤ ግን ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ምን ላድርገው?» አለ።

ባለፈው ቅዳሜ የሙታን መታሰቢያ ነበር። ዝናቡ ያወርደዋል። ሐኪሙ መጥቶ ከአልጋ እንዳይወርድ ብሎ አስጠነቀቀ። አባባ አመሰግናለሁ ብሎ ሸኘውና በሩ እንደተዘጋ «ጫማዬን!» አለኝ። «አባባ፣ ሐኪሙ እኮ…» ስለው «እናቴን ሐኪም አስቀርቷታል፤ እኔን አያስቀረኝም» አለ። በታክሲ ወሰድኩት፣ ክንዱን ይዤ የፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን ለቄሱ የሰጠው ራሱ ነው።

ስሞቹ ብዙ ነበሩ። ቄሱ አንዱን ወረቀት አነሱና «የባርቶሎ እናት» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ለምደውታላ። ከዚያ ወረቀቱን አስተውለው አዩት። «ኦርሶላ ቦዛኖ» ብለው ጠሩ።

አባባ ብድግ አለና «አቤት!» አለ።

እንደ ሹክሹክታ አይደለም እትዬ፣ ከመንገድ ላይ እንደተጠራ ልጅ ጮክ ብሎ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። ቄሱም ንባባቸውን አቆሙ። እኔ እጁን ሳብ አድርጌ «አባባ፣ ተቀመጥ፤ የተጠራችው እኮ እሷ ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ልጇ እያለሁ ማን አቤት ይበልላት?»

ቄሱ ጥቂት ጠበቁትና የሚቀጥለውን ስም ጠሩ። እሱ ግን ስሞቹ ሁሉ ተጠርተው እስኪያልቁ ድረስ አልተቀመጠም።

ዘመድዎ
ኤቫሪስቶ